ስለ ውሻ ቀለብ የመጡ ሽማግሌዎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካለው ሐበሻ ግማሹ ስለ እኔ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ውሻዬን በረሃብ የምፈጅ ስስታም መሆኔን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስገዛ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰምቼዋለሁ። ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅማ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ፤ "እውነት ነው ውሻሽ ጎድኑ እስኪቆጠር ከስቷል የሚሉት?" አለችኝ። "አይቆጠርም፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን ይገኛል፤ እንዲገኝም ነው የምፈልገው" አልኳት። ጋሪዋን ገፍታ ሄደች። እኔም አልተከተልኳትም፤ ለማን ብዬ!

ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው እኔው ልንገራችሁ። መሳደብ ካማራችሁ ከዚያ በኋላ ስደቡኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ወደዚህ አመጣሁት። ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤቴ የምድር ቤቱን መኝታ ክፍል ሰጠሁት። እሱ ግን ሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ በቃ፣ ተቀመጠ ነው። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ከተማውን በቀን ስንት ጊዜ ሲያዳርስ የኖረ ሰውዬ፣ መንገዱ ከሶፋ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ሆነ። ስኳር አለበት። ሐኪሙ በየአፖይንትመንቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ምግብ ይቀንስ፣ በእግሩ ይሂድ። ምግቡን እኔ ቀነስኩ፤ እየተነጫነጨም ቢሆን ተቀበለኝ። መሄዱን ግን ወይ ፍንክች!

"አባዬ፣ ፓርኩ እኮ እዚሁ ከኋላችን ነው። ትንሽ ዞር ዞር በልበት" እለዋለሁ።

"ምን ጉዳይ አለኝ እዚያ?"

"ጉዳይ አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ መሄድ ነው።"

"ያለ ጉዳይ የሚዞር ዱርዬ ነው" ይላል። የቲቪውን ድምፅ ይጨምራል።

በኋላ የግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች፤ ወራት ሙሉ አልድን አለች። ሐኪሙ ቁስሏን እያየ ያለኝን ለአባቴ አልተረጎምኩለትም። "እንዲህ ከቀጠለ እግሩን ልናጣው እንችላለን" ነው ያለኝ። ለእሱ "ይድናል ብሏል" አልኩት። መኪናው ውስጥ አስገብቼው፣ በሩን ዘግቼ፣ በእኔ በኩል ዞሬ ገባሁ።

ቡችላው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሥራ ቦታ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ የሚነዳ አንድ አሜሪካዊ ውሻው ወልዳበት፣ ቡችላ የሚወስድለት ሰው ሲፈልግ ሰማሁት። እናትየዋ ላብራዶር ናት። አባትየው ደግሞ ግሬት ዴን የሚሉት፣ በኋላ እግሩ ሲቆም ከሰው የሚበልጠው ዘር ነው። እኔ ውሻ አልፈልግም ነበር፤ ጠጉሩን ማን ሊጠርግ! የፈለግሁት አባቴን በቀን ሁለቴ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ ነው። ያንን ጉዳይ በካርቶን አድርጌ ይዤ ገባሁ።

ሠራልኝ! በመጀመሪያው ቀን "ይሄን ቆሻሻ ከፊቴ አንሺልኝ" አለ። ብዙም ሳይቆይ "ጎረምሳው" እያለ ይጠራው ጀመር። ጎረምሳው ሲጨንቀው በሩ ላይ ይቆምና አባቴን ያየዋል። አባቴም "መጣሁ፣ መጣሁ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" እያለ ጫማውን ይፈልጋል። በረዶ ሲጥል እንኳ ወጡ። ያ ያለ ጉዳይ አልዞርም ያለ ሰው ፓርኩን ዳር እስከ ዳር አወቀው። ፈረንጆቹ ውሻውን ለመደባበስ ሲያቆሙት በዚያችው ባለችው እንግሊዝኛ ያወራቸዋል። ስኳሩ ወረደ። ጣቱ ዳነች። ከሥራ ስገባ የዋሉበትን ሊነግረኝ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። እግዚአብሔርን ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩ!

ታዲያ እንዲህ ያለውን ውሻ ማን ነው የማያጠግበው? አባቴ ሕፃን የሚያሳድግ ነው የመሰለው። ጠዋት ወተት፣ ቀጥሎ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ተፈጭቶ፣ ከሰዓት ከሥጋ ቤት ያስቆረጠው ቅልጥም። "አጥንቱ እንዲጠና ነው" ይላል። ሁዳዴ ጾም ላይ ራሱ ወተት በአፉ ሳይዞር ለጎረምሳው ወተት ያሞቅለታል። "ምነው አባዬ፣ በጾም?" ስለው "እሱ ክርስትና አልተነሳም" ብሎኝ እርፍ።

ቤተ ክርስቲያን የተዋወቁት አንድ ጋሼ አሉ፤ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ። እሳቸው ደግሞ ለገዛ ጉልበታቸው የታዘዘላቸውን የካልሲየም ክኒን ከራሳቸው ቀንሰው ለውሻው አመጡለት። "እኔን ሽማግሌውን ካቆመኝ፣ ለእሱማ!" አሉ። አባቴ ክኒኑን በቅቤ ጠቅልሎ ያጎርሰው ነበር።

ጎረምሳው ተነፋ። ሆዱ ከበሮ አከለ። ያየው ሁሉ "ውይ ሲያምር! እንዴት ያለ ሰንጋ ወጣው!" ይላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ከፓርኩ ቶሎ ተመለሱ። ጎረምሳው የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ፈርቷል። በማግስቱ መንገድ ሳያጋምሱ ሣሩ ላይ ተኛ፤ አባቴም አብሮት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ መውጣቱ እየቀረ ሄደ። በሳምንቱ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ማንም የለም። ሁለቱንም ሶፋው ጥግ አገኘኋቸው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ሥር፣ ቲቪው እየጮኸ። በማግስቱ ጎረምሳውን ሐኪም ቤት ወሰድነው።

የውሻ ሐኪሟ ሸበቶ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ራጅ አነሳችው፤ ጎኑን ዳበሰችና "ጎድኑ የት አለ?" አለችኝ። ምን እንደሚበላ ዘርዝሪልኝ አለች። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ቅልጥሙን፣ ክኒኑን ስዘረዝር አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ በኩራት ራሱን ይነቀንቃል።

"በፍቅር እግሩን እየሰበራችሁት ነው" አለች።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔም ለአባቴ ተረጎምኩለት። ሲያድግ ግዙፍ የሚሆን ውሻ ቀስ ብሎ ነው ማደግ ያለበት። ሰውነቱ ቀድሞ ከከበደ፣ ገና ያልጠናው አጥንት ያን ሁሉ ሲሸከም ይጣመማል። ካልሲየም ሲበዛም አጥንት አያጠነክርም። የቡችላ አንጀት "ይበቃኛል" ብሎ መመለስ ስለማያውቅ የመጣለትን ሁሉ ይወስዳል፤ የአጥንቱ አስተዳደግም በዚያ ይበላሻል። ወተቱ ይቁም፣ ክኒኑ ይቁም፣ ቅልጥሙም ይቁም። ወጥ የነካው ነገር በአፉ እንዳይገባ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ለትልልቅ ዘር ቡችሎች ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ብቻ፣ ያውም ተሰፍሮ፣ ጠዋትና ማታ። ጎኑን ስትዳስሺ ጎድኑ ሊሰማሽ ይገባል አለችኝ። አሁኑኑ ከተስተካከለ እግሩ ሊቃና ይችላል፤ ካልሆነ ግን ዕድሜ ልኩን አንካሳ ነው።

ስንወጣ "ከረጢቱ ፊት ላይ ያለውን ሥዕል አትዪ፤ ጀርባውን አንብቢ" ብላኝ ነበር። ሱቁ ገባሁ። ሻጩ ተኩላ የተሣለበት፣ ዋጋው ሰማይ የነካ ከረጢት አቅፎ መጣ። እህል የሚባል የለበትም፣ ውሻ እኮ ድሮ ተኩላ ነበር፣ እያለ ሊያሳምነኝ ተነሳ። ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩት፤ ስለ ትልልቅ ዘር ቡችሎች እድገት አንድም ቃል የለበትም። "እኔ ቤት ያለው ተኩላ አይደለም፤ እግሩን ያመመው ቡችላ ነው" ብዬ መለስኩለት። ጀርባው ላይ የምፈልገው ቃል የተጻፈበትን፣ ሥዕሉ የማያምረውን ገዛሁ።

አባቴ ከረጢቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ዘገነና መዳፉ ላይ አየው። "ይሄን ኮረት ነው የሚበላው?"

"እሱን ነው።"

"በዚህች ኩባያ? ይሄ የድመት ነው እንጂ የእሱ ነው?"

"አባዬ፣ ሴትዮዋ ያለችውን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ። አጥንቱ ደካማ ነው አለች። አጥንቱ ለደከመ አጥንት ይከለከላል? የት አገር ነው እንዲህ ያለ ሕክምና?" ብሎ ከረጢቱን ገፋው። በመጨረሻ ግን "እሺ" አለኝ፤ እኔም እሺውን አመንኩ።

እኔ እሰፍራለሁ፣ ጎረምሳው ይበላል፣ ግን አይቀንስም። ጎኑን ስዳስስ ጎድን የለም። እግሩም እንደዚያው ነው። ተሳስቼ ይሆን እያልኩ የመስፈሪያ ኩባያውን መስመር ደግሜ አያለሁ። በሌላ በኩል አባቴ ምግቡ አነሰኝ ማለቱን ትቷል፤ ሳህኑ ጥርግ ተደርጎ ነው የማገኘው። "ጎበዝ አባዬ!" እለዋለሁ፤ ወደ ቲቪው ይዞራል።

አንድ ቀን ሥራ ቀንሶ ሺፍታችን ሳያልቅ ለቀቁን። ቤቱን ስከፍት ጎረምሳው እንኳ አልመጣም። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ምሳውን ዘርግቷል፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። የጥብሱን ሥጋ አንድ በአንድ እያነሳ ብርጭቆው ውስጥ ያለቀልቀዋል፣ ሽንኩርቱን በጣቱ ያራግፋል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለጎረምሳው ያጎርሰዋል። "በሞቴ! አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!" ይለዋል። ውሻ ልመና የሚፈልግ ይመስል!

"አባዬ!"

ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነው። "ሽንኩርቱን አጥቤለታለሁ" አለኝ።

"ምሳህን ለምን አትበላም?"

"አንቺ የምትሰጪኝ አያጠግበኝም። የማያጠግብ ነገር ደግሞ በላሁት አልበላሁት ምን ያደርግልኛል? እኔ ካልበላሁ እሱ ይብላልኝ። በዚህ ቤት አንድ ነፍስ እንኳ ጠግቦ ይዋል።"

ያንን ብርጭቆ፣ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ዘይትና ሽንኩርት እያየሁ እንባዬ መጣ። ንዴቴ ግን ከእንባዬ ባሰ። ብርጭቆውን አንስቼ ደፋሁት። "እሱ ካልተራመደ አንተን ማን ያስወጣሃል? እንደገና ሶፋ ልትሆን ነው?" ብዬ ጮህኩበት። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅልጥሙን ከፍሪጅ አወጣሁ፣ ወተቱን አስቀረሁ፣ ምሳውን ሠርቼ ትቼለት ከመሄድ ጎረቤት ላለች አንዲት እትዬ ሰጥቻት እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እንድታበላው አደረግሁ። ኩባያውንም ይዤው ሥራ እሄዳለሁ። አዎ፣ ኩባያውን በቦርሳዬ!

አባቴ አኮረፈ። የሐበሻ አባት ሲያኮርፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ ይጨልማል። እኔን አያናግረኝም፣ ስልክ ላይ ግን ምላሱ ይፈታል። "ልጄ እኔንም ውሻውንም አስርባን" እያለ ለወዳጆቹ ያለቅሳል። አንዷ ኮል አድርጋ "ኧረ በማርያም፣ ለሽማግሌ አባት?" አለችኝ። ሌላዋ "ውሻስ ቢሆን የፈጣሪ ፍጥረት አይደል?" ብላ ሰበከችኝ። ዘጋሁባቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቆመዋል። ፊታውራሪው የካልሲየሙ ጋሼ ናቸው። ሽማግሌ ልኮብኛል! ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አይቻለሁ፣ ለፍቺ ሲላክ አይቻለሁ፤ ለውሻ ቀለብ ሲላክ ያየች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ጣራ ጣራውን ያያል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ።

"የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም" አሉ ጋሼ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ አንተ ሽበት ቆሞ ማየት ያሳፍርህና እሺ ትላለህ። "ልጄ፣ ብዙ አልጠየቅንሽም። ለአባትሽ ሳህኑ ላይ ትንሽ ይጨመርለት። ለውሻውም በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ እንኳ፣ አጥንት ይሰጠው። ለእኛ ሽበት ስትዪ።"

"አይሆንም" አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ። "አልሰማሽንም መሰለኝ" አሉ አንደኛው።

"ሰምቻችኋለሁ ጋሼ። አክብራችሁ መጥታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አይሆንም። መቆማችሁ ለእግራችሁ ያሳስበኛል እንጂ ሐሳቤን አይለውጠውም።"

አባቴ ከሶፋው ላይ "ኧረ በሕግ!" አለ። ነውሬን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ በቆመበት እንዲህ የሚባል የለም። ግን ምላሴ አልታሰረልኝም።

ጋሼ ወይ ነገሩን ሊያለዝቡ፣ ወይ እልህ ይዟቸው፣ ከኮታቸው ኪስ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቅልጥም ነው፤ ይዘው መጥተዋል! "ና ጎረምሳው፣ እሷን ተዋት! በሞቴ አንዴ ብቻ! አፈር ስሆን!" አሉ።

ጎረምሳው ሽታው ሲደርሰው ከሶፋው ሥር ብድግ አለ። ሊሮጥ ነበር። የቀኝ እግሩ ከዳውና በአገጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያ ትልቅ ገላ! እየጮኸ ሊነሳ ሞከረ፤ እንደገና ተንሸራተተ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። "በሞቴ፣ በሞቴ ትላላችሁ! እኔ ሞት ሰልችቶኛል! እናቴን በስልክ ነው የቀበርኳት፤ ግሮቭፖርት ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ለቅሶውን በስልክ እየሰማሁ። አባቴን ደግሞ በጉርሻ አልገድለውም። እናንተ አጉርሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ አብሬው የምቀረው እኔ ነኝ። ይሄ ውሻ ካልተራመደ አባቴ አይራመድም። አባቴ ካልተራመደ ሐኪሙ እግሩን ልናጣው እንችላለን ብሎኛል። ለራሱም ነግሬው አላውቅም። አሁን ነገርኩት። ሰማህ አባዬ? እግርህን ነው ያለኝ! ስስታም በሉኝ፣ ክፉ በሉኝ፤ እኔ ግን እናንተ ስትቆሙ ሳይሆን እሱ ሲቆም ማየት ነው የምፈልገው!"

ጋሼ ቅልጥሙን እንደያዙ ቀሩ። አባቴ ተነሳ፣ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ የጎረምሳውን እግር በሁለት እጁ ያዘ። ቀና ብሎም ሳያይ "ወንድሜ፣ መልሰው" አለ።

"ምኑን?"

"አጥንቱን። ሰምተሃታል አይደል?"

ጋሼ መልሰው ጠቀለሉት። ሳይቀመጡ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። እንግዲህ ከተማው ውስጥ የሚወራብኝ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ የተመለሰበት ቤት። እውነታቸውን ነው፣ ተመልሰዋል። ዛሬም ቢመጡ ይመለሳሉ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ኩርፊያውን ተወ። የጎረምሳውን ምግብ ከእኔ ተቀብሎ ራሱ መስፈር ጀመረ፤ ኩባያው አፍ ላይ የተከመረውን በጣቱ ደልድሎ ወደ ከረጢቱ ይመልሳል። መጀመሪያ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄደው ይመለሳሉ፤ በኋላ እስከ ፓርኩ መግቢያ። ጎረምሳው ቀጠነ፣ ወገቡ ወጣ። ሰው ባየው ቁጥር "ምነው ከሳ?" ሲል አባቴ ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ያልፋል።

ሐኪሟ ጋ ስንመለስ አዲሱን ራጅ ከድሮው አጠገብ ሰቀለችው። ጎኑን ዳበሰችና የአባቴን እጅ ይዛ እዚያው ላይ አሳረፈችለት። "ይኸው ጎድኑ" አለች። አጥንቱ እየተቃና ነው፤ በዚሁ ከቀጠላችሁ ይህ ውሻ ይሮጣል አለችን። ያቺ ቀልድ የማታውቅ ሴት ፈገግ አለች። አባቴ እጁን ከጎኑ ላይ ቶሎ አላነሳም።

ማታ እኔ እራት ሳቀርብ እሱ የጎረምሳውን ሰፈረለት። ውሻው እስኪጨርስ ቆሞ አየው። ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ባዶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

"የእሱን አውቄያለሁ" አለኝ። "የእኔስ ስንት ነው?"

እንጀራውን ቆረስኩ፣ ወጡን ጨለፍኩ፣ የቀረውን ሳህን በጎመን ሞላሁለት። አየውና ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ትንሽ ናት" አለ።

"ናት" አልኩት።

እጁን ታጥቦ መጣና በላ።